እንደ ሽቶ የተረጨው መድኃኒት

ሰሎሜ የመጨረሻ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ናት። አሰላ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ለልምምድ በተመደበች ሰሞን፣ ቱሳ የሚባሉ የጢቾ ገበሬ አስም ያፈናትን ትንሽ ልጃቸውን ሙቢናን ተሸክመው መጡ። ልጅቷ ኦክስጅን ተደርጎላት ትንፋሿ ሲመለስ ሰሎሜ አባትየውን ጠየቀቻቸው።

"ባለፈው የተሰጣትን ፓፍ አልወሰደችም እንዴ?"

"ኧረ በደንብ! ጠዋት ማታ ራሴ ነኝ የምነፋላት።"

በአፍ የሚሳበውን ፓፍ ከኪሳቸው አወጡና የልጃቸውን ደረት ገልጠው እንደ ሽቶ ረጩበት።

ሰሎሜ ልታሳያቸው ፓፉን ተቀበለች፤ ግን እጇ ላይ ቀረ። አጠቃቀሙን ለፈተና ሸምድዳዋለች፤ ፓፍ ግን ነክታ አታውቅም። ተማሪ እንዲለማመድባቸው የተገዙት ፓፎች ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ተቆልፎባቸው ነው የኖሩት። ደሟ ፈላ። ሙቢናን ለነርሷ አደራ ብላ ቱሳን አስከትላ እዚያው ግቢ ወዳለው፣ ቁልፉን ወደያዘው የመምህር በእውቀቱ ቢሮ ገሰገሰች።

"መምህር፣ የመለማመጃውን ቁልፍ ይስጡኝ።"

"የትምህርት ጥራት ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው። ቢሰበር ማን ይጠየቃል?"

"ለገምጋሚ ማሳያ ነው እንዴ የተገዛው? እኚህ ሰው መድኃኒቱን ደረቷ ላይ ሲረጩ ነው የከረሙት! መድኃኒቱን የሰጣቸው ባለሙያም እዚሁ ተምሮ የወጣ ነው!"

"ድምፅሽን ቀንሺ! ዲሲፕሊን ነው የማቀርብሽ።"

"ያቅርቡኝ! መጀመሪያ ግን ያሳዩዋቸው።"

ቱሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ጌታው፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ንፋላት አሉኝ፣ ነፋሁላት።"

በእውቀቱ ቁልፉን ከመሳቢያው አወጣ። ተነስቶ መለማመጃዎቹ ያሉበትን ቁም ሳጥን ከፈተ። ሁሉም ገና ከነላስቲካቸው ነበሩ። መምህሩም አገላብጦ፣ መመሪያውን አንብቦ ነው የቻለው። ሰሎሜ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በስታ ፓፉን ሰካችበት፤ ልጅ የጠርሙሱን አፍ በአፏ ይዛ የምትስበው እንደዚያ ነው። ቱሳ እስኪለምዱት ደጋገሙት። ማታውን ሙቢና ከአባቷ እጅ መድኃኒቷን በትክክል ሳበች።

ሰሎሜ ግን ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበች። መምህሩን ይቅርታ ጠይቂ አሏት።

"ቱሳንስ ማን ይቅርታ ይጠይቃቸው?"

ማስጠንቀቂያ ሰጧት። ፈርማ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተመለሰች። ከኢተያ የመጡ አንዲት እናት አስም ያለባትን ልጃቸውን ታቅፈው፣ ፓፍ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ።

"ይምጡ እናቴ" አለቻቸው፣ ንዴቷ ገና ሳይበርድ። "ፓፉን እንዴት እንደሚሰጧት እስቲ ያሳዩኝ።"