የጥሩንባ ጺም

«ጺሙን የላጨችው ዕለት ነው የገደለችው!» አለ አጎትየው፣ የሟቹ ወንድም፣ አፉ ውስጥ ያለውን ዳቦ እንኳ ሳይውጥ።

ለቀስተኞቹ ኩባያቸውን እንደያዙ ወደ ሟቹ ሴት ልጅ ዞሩ። ልብስ ሰፊዋ ልጅ ግን አንገቷን ደፍታ ሻይ መቅዳቷን ቀጠለች።

ጺም ሲባል መቼም እንዲሁ ጺም እንዳይመስላችሁ። ሰውየውን ሰፈሩ «ጥሩንባ» ይለው ነበር፤ ሲያወራ ሦስት ቤት አልፎ ስለሚሰማ። ጺሙ ደረቱን አልፎ ቀበቶው ላይ ያርፋል። እሱ ምሎ ሲናገር፣ አንዴ ወፍ እንቁላል ጥላበት፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ፊቱን አልታጠበም። ከወንድሙ ጋር ድንጋይ መፍጫ ውስጥ እየሠራ ዕድሜውን ሲጨርስ፣ አቧራውን የሚያጣራልኝ ጺሜ ነው እያለ ይኩራራ ነበር። አላጣራለትም። ሳንባው አለቀ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ የመተንፈሻ መሣሪያ ቤት ድረስ አመጣችለት።

«አባባ፣ ጉሮሮዎ አይቀደድም፣ ቱቦም አይገባብዎትም። ይህን ጭምብል አፍና አፍንጫዎ ላይ እናስራለን። አየር ሲስቡ በርታ ብሎ ይገፋልዎታል፣ ሲያስወጡ ለዘብ ይላል።»

«መሳቡን ብረሳስ?»

«ትንሽ ይጠብቅና ራሱ ይገፋልዎታል።»

«ከሟች ሚስቴ ይሻላል! እሷ ምንም ሳትጠብቅ ነበር የምትገፋኝ።»

ተሳቀ። ጭምብሉ ሲታሰር ግን አየሩ በጺሙ መሃል እያፏጨ አመለጠ፤ መሣሪያው ጮኸ። ነርሷ ማሰሪያውን አጠበቀች፤ ጺሙ ይባስ ተነፋ።

«ይህ ጺም ካልተነሳ መሣሪያው ለሰፈሩ ነው የሚተነፍሰው» አለች።

«ከጺሜ በፊት አንገቴ!» አለ ጥሩንባ።

ልጁ ጭምብሉን በሁለት መዳፏ ተጭና ስትይዝለት ሰነበተች። እጇ ዛለ። አንድ ቀን አየር አንሶት ራሱን ሳያውቅ ሲያንቀላፋ፣ በመቀስ ቆርጣ፣ ስፌት በምትፈታበት ምላጭ ላጨችው። ጭምብሉ ልክክ አለ። ፉጨቱ ቆመ፤ የጠቆረው ከንፈሩ መልክ ያዘ። ሲነቃ አገጩን ዳሰሰ።

«የት አደረግሽው?»

«ከጥራጊው ጋር ጣልኩት፣ አባዬ።»

ከዚያ ወዲያ አንድም ወሬ አላወራም።

ወንድሙ ሊጠይቀው መጥቶ ሲያየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወይኔ ወንድሜን! የተነጨ ዶሮ ሆኖ ቀረ!» ከዚያ ቀን ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ጥሩንባ ጭምብሉን አውልቆ ፊቱን በፎጣ ይሸፍናል፤ እንግዳው እስኪሄድ እያቃሰተ ይጠብቃል።

«መልኩን ቀምታ ቀበረችው» አለ አሁን አጎትየው፣ የራሱን ረጅም ጺም እያፍተለተለ።

«ምነው፣ እሷስ አፍ የላትም?» አለች አንዷ ጎረቤት በሹክሹክታ።

«ጥፋተኛ ምን አፍ አለው ብለሽ!»

አፍስ ነበራት። አባቷ የሞተ ቀን ከሱቅ ስትመለስ አጎቷ ወንበር ስቦ ያወራል። መሣሪያው ይጮሃል፤ እሱ ከመሣሪያው በላይ ይጮሃል። አባቷ በፎጣው እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፏል፤ ጭምብሉ ጉልበቱ ላይ ወድቆ ለማንም ይተነፍሳል።

«ቀስ በይ!» አላት አጎቷ። «ወሬዬን እየሰማ እንቅልፍ ወሰደው።»

ሬሳ ነበር የሚያጫውተው። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም።

«ገዳ…» አለ አጎትየው፤ ትንፋሹ ተቆርጦ ቃሉ አላለቀለትም። ያነቀው ዳቦው አይደለም፣ ያው የወንድሙን ሳንባ የጨረሰው የድንጋይ አቧራ ነው። ከንፈሩ ጠቆረ። አንዱ አምቡላንስ ሊጠራ ወጣ። ልጅቷ ጥግ ላይ የተሸፈነውን መሣሪያ ገልጣ አበራች፤ ጭምብሉን አሰረችለት። አየሩ በጺሙ መሃል አፏጨ።

ምላጩን አወጣች።

«አጎቴ፣ ልላጭዎ ወይስ አምቡላንሱን ይጠብቃሉ? እኔ እንደሆንኩ ገዳይ ነኝ።»

አጎትየው በፈጠጠ ዓይኑ ለቀስተኛውን ሁሉ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ አገጩን ቀና አድርጎ ሰጣት።

ላጨችው። ፉጨቱ ቆመ።

ጎረቤቷ ወለሉን ልታጸዳ መጥረጊያ ይዛ መጣች። ልጅቷ መጥረጊያውን ከእጇ ወሰደችና አስቀመጠችው። ተንበርክካ ጺሙን አንድም ሳታስቀር ለቀመች፤ በጥቁር ቀሚሷ ጫፍ ቋጠረችው።