ቀላል የተባለው ቁስል

ሐኪሙ ልጆችን በቀዶ ሕክምና ሲያክም ጠጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። ያን ዕለት ለክትትል የገባችው ልጅ ትርፍ አንጀቷን ያወጣላት፣ ነርሶቹ "ራዲዮ" የሚሏት ለፍላፊ ነበረች። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትገፋ እንኳ አፏ አላረፈም ነበር። በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ በየቀኑ ሲታጠብ ከርሞ ዳነ። በሐኪሞቹ የጠዋት ስብሰባ ላይ "ቀላል ኢንፌክሽን፣ በደንብ የዳነ" ብሎ አልፎታል።

ጠባሳውን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና፣ "እንኳን ደስ አለዎት፤ ከእኛ ጋር ጨርሳችኋል" አላት እናቷን።

እናት ከወንበሯ አልተነሣችም። ልጅቷ ልብሷን አስተካክላ ከእናቷ ርቃ ግድግዳው ሥር ቆመች።

"ሆዷስ ድኗል፣ ዶክተር" አለች እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እኔን ግን አታስጠጋኝም። ጠጉሯን የሚያበጥራት አባቷ ነው። ገላዋን ላጥባት እጄን ስዘረጋ ትንቀጠቀጣለች።"

"ልጆች ቶሎ ይረሳሉ" ሊል አፉን ከፈተ። እናት ቀደመችው።

"ቁስሏ ሲታጠብ እጇን ግጥም አድርገው ይያዙ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። 'እማዬ ልቀቂኝ' እያለች ስትለምነኝ ያዝኳት። በየቀኑ ያዝኳት።"

ሐኪሙ ማለቱን አስታወሰ። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ማዘዝ ይችል ነበር፤ ሌሎች በሽተኞች ስለሚጠብቁት ግን "አሁን ያልቃል" እያለ አልፎታል። የቁስሉን ጥልቀት እስካሁን ያውቀዋል። የልጅቷ ፊት ያኔ ምን ይመስል እንደነበር ግን ሊያስታውስ ቢሞክር አቃተው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ልጅቷ ፊት ሄዶ ቁጢጥ አለ።

"እናትሽን ያዢያት ያልኳት እኔ ነኝ። እንዳያምሽ ማድረግ እየቻልኩ ቸኩዬ ተውኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የእሷ አይደለም።"

ልጅቷ ጫማዋን እያየች፣ "ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?" አለችው።

ሐኪሙ የልጆችን ጭንቀት ወደምታክም ባለሙያ ላካቸውና፣ በማግስቱ ስብሰባ ላይ ነገሩን እንደገና አነሣው።

"ይሄማ የቀዶ ሕክምና ችግር አይባልም" አለ ባልደረባው። "ቁስሉ ድኗል ብለህ የለም እንዴ?"

"ብያለሁ። ያሳፈረኝም እሱ ነው።"

አንዳንዶቹ ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ በእሱ ክፍል ሳይደነዝዝ የሚታጠብ የልጅ ቁስል የለም፤ ልጅህን ግጥም አድርገህ ያዝ የሚባል ወላጅም የለም።

ከወራት በኋላ እናትና ልጅን ኮሪደሩ ላይ አያቸው። ልጅቷ የእናቷን ቦርሳ ማንገቻ ይዛ ለአንዷ ነርስ ስለ ወለቀ ጥርሷ ትለፈልፋለች። ሐኪሙን ስታይ ድንገት ዝም አለች።

ሰላም ሊላት ያነሣውን እጁን ኪሱ ከተተና፣ ወሬዋን እንድትጨርስ በሌላው በር ዞሮ ሄደ።