ጨርቅ ያልታሰረበት መሪ

መኪናዋን ሰፈሩ «አሮጊቷ» ይላታል፤ ስድብም ነው፣ ፍቅርም ነው። አባትየው ነድቷት ነድቷት ሲሞት ለሁለት ወንድ ልጆቹ ተወላቸው። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ ቆጥሮ ቆጥሮ ሰልችቶት ከቆመ ቆይቷል። ታላቅየው መካኒክ ስለሆነ ይጠግናታል። ታናሽየው ሰው እየጫነ እናቱን፣ ሚስቱንና ራሱን ያኖርባታል። ራዲያተሯን ሲደፍኑላት ክላቿ ይንሸራተታል፤ ክላቿን ሲያስተካክሉላት ዘይት ታንጠባጥባለች። አዲስ እቃማ ለእሷ ከየት ይመጣል? የሠራት ፋብሪካ ራሱ ረስቷታል።

እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ሁሉን ነገር ዕለቱን አይጠግንም። «ለጊዜው» ይላል፣ ሽቦ ያስራል፣ ላስቲክ ይጠቀልላል፣ «እቃው እስኪመጣ» ብሎ ይነዳል። መካኒኩ ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ የራሱ ሕግ ነበረው። ለጊዜው ብቻ ያበጃት እንደሆነ መሪዋ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ጨርቁ ካለ ከሰፈር መውጣት የለም፣ ቁልቁለት የለም፣ ሰው መጫንም የለም። የሚፈታውም እሱ ራሱ ነው፤ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ እጁን ሲጠርግ። ታናሽየው በሌላው ሁሉ ያሾፍበታል፤ «ዶክተር፣ በሽተኛዋ እንዴት አደረች?» ይለዋል። በጨርቁ ግን ቀልዶ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአሮጊቷ የኋላ ግራ ጎማ የፍሬን ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። መካኒኩ ከፍቶ ሲያየው ውስጡ ያለው ላስቲክ ተበልቷል። ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን ቀጭን ቧንቧ አጠፈና በፒንሳ ጨፍልቆ ዘጋው። እንዲህ ሲደረግ መኪና በሦስት እግሯ ትይዛለች፤ ሜዳ ላይ፣ ቀስ ተብሎ ከተነዳ። ጨርቁን አሰረ።

«ነገ እኮ እማዬ የዓይን ቀጠሮ አላት» አለ ታናሽየው። ሆስፒታሉ ያለው ታች ከተማው ውስጥ ነው፤ መንገዱ ዳገቱን እየተጠማዘዘ የሚወርድ ክፉ ቁልቁለት ነው።

«አውቃለሁ። ላስቲኩ ማታ ከመጣልኝ እቤት መጥቼ እገጥምልሃለሁ። ካልመጣ ጠዋት በዚህ በኩል ታልፋለህ።»

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርግ ነበር። ሰው ሳይነሳ እናቱ ግቢ ይገባል፣ መኪናዋ ሥር ተኝቶ ይሠራል፣ ጨርቁን ይፈታል፣ ማንንም ሳይቀሰቅስ ውልቅ ይላል።

ላስቲኩ ማታ አልመጣም፤ ጠዋት መጣ። መካኒኩ ክሪኩን አውጥቶ፣ ቁልፎቹን ደርድሮ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ቢጠብቅ ቢጠብቅ የለም። እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል ብሎ ደወለ፤ አይነሳም። ለወንድሙ ሚስት ደወለ።

«ሄዱ እኮ ጋሼ፣ በጠዋት» አለችው። «ጨርቁ የለም፣ ወንድሜ ሲሠራልኝ አድሯል፤ አትደውይለት፣ ትንሽ ይተኛ ብሎኝ ነው የሄደው።»

መካኒኩ ክው አለ። ወይ ጣጣ! ያ በሰው እንቅልፍ የማይጨክን ሞኝ ወንድሙ፣ አዝኖለት ሳይደውል ቀረ። የሰው መኪና ለምኖ፣ ቁልፎቹን ጭኖ ቁልቁለቱን ተከተላቸው። በየመታጠፊያው አምላኩን ለመነ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀም፣ መትረፋቸውን ብቻ።

አንዱ መታጠፊያ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ሁሉም ነገር ገባው። የታጠፈው ቧንቧ ፍሬኑ ሲደጋገምበት ተከፍቷል፤ ዘይቱ ፈሶ አልቋል። ታናሽየው ገደል ከመግባት ብሎ መኪናዋን ከተራራው ጋር አላትሟታል፤ ያውም በራሱ በኩል። እናትየው ዳሌዋ ተሰብሮ ተረፈች። እሱ አልተረፈም። መካኒኩ ወንድሙን ከዚያ ብረት ውስጥ በገዛ ቁልፎቹ ፈታትቶ አወጣው። እንዲህ ያለ ሥራ ለጠላትም አይስጥ።

እናቱን ሆስፒታል ካስገቡ በኋላ ልብስ ሊያመጣላት እቤት ሄደ። መንገዱን ሙሉ ራሱን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ጨርቁን ማን ፈታው?

ጨርቁን ጓሮ ውስጥ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ፣ የእናቱን ሻርፕ ሲያነሳ ከሥሩ ታጥቦ ተሰጥቶ አገኘው። ከገመዱ በታች ባልዲና መወልወያ አለ። እናቱ ዓይኗ ደክሟል፤ ንጽሕና ግን ነፍሷ ነው። ሐኪም ዘንድ በቆሻሻ መኪና አልሄድም ብላ ሊመሽ ሲል አሮጊቷን በዳሰሳ ወልውላለች፤ መሪው ላይ እጇ የገባውን ቡቱቶም ፈትታ አጥባለች። ጋራዥ ገብታ አታውቅ፣ የጨርቁን ሕግ ማን ነግሯት! ታናሽየው ለሚስቱ ነግሯል። ለእናታቸው መንገር ግን ለሁለቱም ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

መካኒኩ ጨርቁን ኪሱ ከተተ። ባልዲው አጠገብ ቁጭ ብሎ ለወንድሙ አለቀሰ፤ ቀጥሎ ለእናቱ አለቀሰ። ይህን ከሰማች አታድርም። ልጄን በእጄ ገደልኩ ብላ አንጀቷ ተቃጥሎ ትሞታለች። እንዳትሰማ ማድረግ አለበት፤ ሌላው የራሱ ጉዳይ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የወንድሙ ሚስት ጠበቀችው። ፊቷ በለቅሶ አብጧል።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጨርቁን አስረህ ነበር?»

«ረሳሁ» አለ።

«አንተ? አንተ ጨርቅ ትረሳለህ?»

«ረሳሁ አልኩሽ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር።»

በጥፊ አጮለችው። የምታልፍ ነርስ ዞር ብላ አየችና መንገዷን ቀጠለች።

«ባሌን ገደልክ» አለችው፣ ድምጿን እንኳ ሳትጨምር። «አሁን ገብቼ ለእማዬ እነግራታለሁ። ጨርቅ ሳያስር ለልጅሽ ሰጠው እላታለሁ።»

ጨርቅ የምትል አንዲት ቃል እናቱ ጆሮ ከገባች ነገሩ አለቀ፤ ገመዱ ላይ ያሰጣችው ትዝ ይላታል።

«እኔ ልንገራት» አለ። «ከእኔ አፍ ትስማው። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

ገባ፤ የወንድሙ ሚስትም ተከትላው በሩ ላይ ቆመች። እናቱ በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያው ላይ አፍጥጣለች። የልጇን መሞት ነግረዋታል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«መኪናዋ ምን ሆነች? ትናንት አንተ ጋ አልነበረች? እኔም ማታ ወልውዬ፣ አጣጥቤ...»

«እማዬ» ብሎ አቋረጣት። «አልሠራኋትም። ፍሬኗ እንደማይዝ እያወቅኩ ሰጠሁት።»

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። ሠርቼልሃለሁ ብዬ ዋሸሁት። ደክሞኝ ነበር፣ ነገ ይደርሳል ብዬ።»

በሩ ላይ የቆመችው ምራት የሚበቃትን ሰማች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች።

የእናቱ እጅ አልጋው ላይ አንድ ነገር ሲፈልግ አየና እጁን ሰጣት። ሻካራ መዳፉን ዳሰሰችው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካካቻቸው። የማን እጅ እንደሆነ ካጣራች በኋላ ከላይዋ ገፋችው።

«ውጣልኝ» አለችው። «ስሞትም እንዳትቀብረኝ።»

«እሺ እማዬ» አለና ወጣ።