የመቶ አለቃው ጥሩር

አቢሶ በጆሃንስበርግ ዳርቻ ባለችው ጻካኔ፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቁ ውስጥ ዱቄትና ሳሙና ሲሸጥ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ከዚያ በፊት ዱራሜ ከተማ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። ባልዲ፣ ኩራዝ፣ የውኃ መቅጃ ይሠራል። ስቅለት ሲቃረብ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያናቸው ድራማ የሮማ ወታደሮችን ትጥቅ የሚሠራው እሱ ነበር።

ጆሃንስበርግ ውስጥ ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ የመዘምራኑ አስተባባሪ እህት በለጥሽ ናት። ሌላው ስዩም ነው፤ በዚያ ድራማ ስድስት ዓመት ሙሉ መቶ አለቃውን ሆኖ የተጫወተው የልጅነት ጓደኛው።

በፈረንጆቹ 2021 መጋቢት ላይ እህት በለጥሽ ሱቁ ድረስ መጣች። ማስኳን እንዳደረገች ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ውጭ ቆማ፣ "ዘንድሮ አዳራሽ ውስጥ መታፈጉን ስለፈራን ስቅለትን ግቢ ውስጥ በድራማ ልናከብር ነው" አለችው። "ትጥቁን ትሠራልናለህ?"

"እጄ ረስቶታል፣ እህቴ።"

"መቶ አለቃውን ስዩም ይሁን ብለናል።"

ስዩም በጥር ወር በኮቪድ ታሞ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቷል። ከወጣ ወዲህ ሂልብሮው ሰፈር ካለው ክፍሉ አይወጣም። ጀርሚስተን ገበያ የሚሸጠውን ልብስም ሌላ ሰው ነው የያዘለት። ሲደወልለት "ደህና ነኝ" ብሎ ይዘጋል።

"እሱ እሺ ብሏል?"

"አልጠየቅነውም። አንተ ጠይቀው።"

በዚያው ሳምንት አቢሶ ብስኩት ጠብሳ ከምትሸጥ ጎረቤቱ ባዶ የዘይት ቆርቆሮዎች ለመነና ሱቁ ጓሮ ተቀመጠ። መጀመሪያ መቀሱ መዳፉን አቆሰለው። ሁለተኛውን ቆርቆሮ ሲዘረጋ ግን ጣቶቹ ሥራውን አስታወሱ።

ዱራሜ ሳሉ መምህር ደጉ የሚባሉ የታሪክ አስተማሪ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ያውሷቸው ነበር። እሱና ስዩም ከቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብለው ገጹን ሁሉ አጥንተውታል። የወታደሩ ጥሩር አንድ ወጥ ብረት አልነበረም። ቀጫጭን የብረት ዝርጎች እየተደራረቡ ደረቱንና ትከሻውን ይከቡታል፤ ከውስጥ በቆዳ ጠፍር ስለተያያዙ ለባሹ እንደልቡ ጎንበስ ቀና ይላል። ራስ ቁሩ ጉንጭ መሸፈኛ አለው። ጋሻው ለሁለት እንደተሰነጠቀ በርሜል የጎበጠ ነው። ተራው ወታደር አጭሩን ሰይፍ በቀኝ ጎኑ ይታጠቃል፤ ጫማው ሥሩ በምስማር የተመታ ነው። የመቶ አለቃው ራስ ቁር ላይ እንደ ፈረስ ጋማ የቆመው የፀጉር ጌጥ ደግሞ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተጋደመ ነው፤ ወታደሮቹ ግርግር ውስጥ እንዲለዩት።

አንድ ዓመት ይህን ጋማ ከእንሰት ቃጫ ሠርተው ቀይ ቀለም ነከሩት። በድራማው መሐል ዝናብ ወረደና ቀለሙ በስዩም ፊት ላይ ፈሰሰ። ሕዝቡ ደም መስሎት አለቀሰ። አቢሶ ይህን ሲያስታውስ ለብቻው ሳቀ።

የስዩምን ልክ መጠየቅ አላስፈለገውም። ያንን ሰፊ ትከሻ በቃሉ ያውቀዋል።

እሑድ ከሰዓት ትጥቁን በጆንያ ጭኖ ወደ ሂልብሮው ታክሲ ተሳፈረ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ጆንያው ይንቋቋል። አጠገቡ የተቀመጡ አሮጊት፣ "ባባ፣ ድስት ነው የምትሸጠው?" ብለው ጠየቁት።

"አይደለም ጎጎ፣ የሮማ ወታደር ልብስ ነው" አላቸው፣ እንደ አገሬው "አያቴ" ሲል።

አሮጊቷ ራስ ቁሩን አውጥተው ጉንጭ መሸፈኛውን ዳሰሱ። "ይሄ ለኮሮናም ይሆናል" ሲሉ ታክሲው ሙሉ ሳቀ።

ስዩም በሩን ከፈተ። ጓደኛው ከስቶ ግማሽ ሆኗል።

"ምንድን ነው ያመጣኸው?"

"የስቅለቱን መቶ አለቃ አንተ ሁን ብለዋል። ልበሰውና ታየዋለህ።"

ዝርጎቹን ትከሻው ላይ ሲያደርግለት ጥሩሩ ተንሸራቶ ወረደ። አቢሶ የሠራው ድሮ ሃያ አምስት ዓመት ሳለ ለሚያውቀው ስዩም ነበር።

"ጠፍሩን ሳብ አድርገው" አለ ስዩም።

አጠበቀው። ስዩም ቀና ብሎ ለመቆም ሞከረ፤ ወዲያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አቢሶ ቶሎ ፈታለት።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ሳላይህ ሠራሁት።"

ስዩም ራስ ቁሩን አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና ጋማውን ዳበሰው። "ይሄኛውስ ቀለሙን ይለቃል?"

"ካልዘነበ አይለቅም።"

ስዩም ሳቁ ሳል እስኪሆን ድረስ ሳቀ። "ያን ቀን እናቴ ልጄ ተፈነከተ ብላ እየጮኸች መድረክ ላይ ወጣች እኮ!"

"መስቀል ተሸካሚውን ገፍትራው!"

ብዙ አወሩ። ከሁለቱ አንዱ የረሳውን ሌላው ይሞላል። መሸት ሲል ስዩም፣ "መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ጥሩር ሳይለብስ የቆመ መቶ አለቃ ነበር፤ ትዝ ይልሃል?" አለ።

"ቀሚስና ካባ የለበሰው። በእጁ የወይን ግንድ በትር የያዘ።"

"የማዕረጉ ምልክት ነው ብለውን ነበር መምህር ደጉ።" ስዩም ራስ ቁሩን አልጋው ላይ አኖረ። "እንደሱ ከሆነ እችላለሁ።"

በስቅለት ቀን ሰዉ ጀርሚስተን በተከራዩት አዳራሽ ግቢ ውስጥ ወንበሩን አራርቆ ተቀመጠ። ጥሩሩን ጌዴዎን የሚባል ባለሱቅ ለብሶ ከጋሻው ኋላ ቆመ። ስዩም ኤርጎጌ የምትባል ዘማሪ በሰፋችለት ቀሚስና ቀይ ካባ፣ በትሩን ይዞ ወጣ። ሰዉ የሥልጣን በትር ነው ብሎ አየው። ምን ያህል እንደተደገፈው የገባው አቢሶ ብቻ ነው።

መቶ አለቃው በመስቀሉ ሥር የሚናገራት አንዲት ቃል ናት፦ "ይህ ሰው በእውነት የእግዚአብሔር ልጅ ነበረ።" ስዩም ድሮ ዱራሜ ገበያው ድረስ እስክትሰማ ይጮኽባት ነበር። አሁን ለራሱ እንደሚናገር ዝግ ብሎ ተናገራት። በዚያ ዓመት ሰው ያልቀበረ ቤተሰብ ግቢው ውስጥ ጥቂት ነበር፤ ከየወንበሩ የታፈነ ለቅሶ ተሰማ። የአቢሶም ማስክ በእንባ ራሰ።

በፋሲካ ማግስት ሰኞ ጠዋት ስልኩ ጠራ።

"የት ነህ?" አለ ስዩም።

"ሱቅ። አንተስ?"

"ጀርሚስተን። ልብስ እየሰቀልኩ ነው።" ከኋላው የገበያው ጫጫታ ይሰማል። "እስከ ምሳ ብቻ ነው የምቆየው፤ ይደክመኛል።"

"እስከ ምሳ ይበቃል" አለው አቢሶ። ከፍርግርጉ ውጭ ሁለት ደንበኞች ቆመው ይጠብቁታል፤ እሱ ግን ስልኩን ሳይዘጋ የዚያን ገበያ ጫጫታ ትንሽ አዳመጠ።