ከወገብ በላይ

«ሦስት አውሎ ነፋስ በአንድ እጄ መሪ ይዤ፣ በሌላው እጄ ሩዜን እየበላሁ ያለፍኩ ሰው ነኝ!» አለ አርሴንዮ፣ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ በጥፊ እየመታ። ጠረጴዛው ብቻ ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ተንቀጠቀጠ።

«ባለፈው ሁለት ነው ያልከን» አለው አብሮት የሚጫወተው ዓሣ አጥማጅ፤ የቀሩትም ሳቁ።

«ሦስተኛው ሰኞ ዕለት ነው የመጣብኝ።»

ሳቁ ተቆረጠ። ሰኞ ዕለት ነበር ልጁ የሞተችው።

ጓደኞቿ ፔርላ ይሏታል። በልደት ወረቀቷ ላይ ግን ሮጌልዮ፣ ወንድ ተብሎ ተጽፏል። አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷት፣ ምርቃቷ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የደንጊ ትኩሳት በአራት ቀን ጠራርጎ ወሰዳት። አሁን ሳሎኑ መሐል፣ ክዳኑ ለሁለት የተከፈለ ሣጥን ውስጥ፣ በመስታወት ሥር ተኝታለች፤ ከላይ ነጭ ካናቴራ፣ ከወገቧ በታች አንሶላ። ቀብሩ ነገ ነው። ምን ለብሳ እንደምትቀበር ግን ገና አልተወሰነም። ደጅ ካርታ የሚጫወተውም፣ ጓዳ ኩባያ የሚያጥበውም የሚንሾካሾከው ስለዚሁ ነው።

የአርሴንዮ ታላቅ እህት ኮንሶርሺያ ብስኩትና ቡና በትሪ ይዛ ወጣችና ጆሮው ሥር ጎንበስ አለች።

«ርእሰ መምህርቷ እየመጡ ነው። ለተመራቂ ወንዶች የተሰፋውን ባሮንግ ሸሚዝ ይዘው። አፍህን ትይዛለህ።»

«ሴት ልጅ ናት የሞተችብኝ።»

«ይህን መቀሱን ስታነሳ ብትለው ይሻልህ ነበር» አለችውና ትሪዋን ይዛ ሄደች።

አርሴንዮ ካርታውን ደፍቶ አስቀመጠ። ጎራዴ ብትሰካበት ይሻለው ነበር።

በፔርላ ትምህርት ቤት በር ላይ ጥበቃው ማስመሪያ ይዞ የወንድ ተማሪ ፀጉር ይለካል። አንገትጌ ከነካ፣ ወደ ቤት። የፔርላ ፀጉር ደግሞ፣ አርሴንዮ እንደሚምለው፣ ከመልሕቅ ገመድ ይረዝም ነበር። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ከበር መለሷት። እሷ ግን አንድም ቀን ወደ ቤት አልተመለሰችም። ከክፍሉ መስኮት ትይዩ ባለው ግንብ ላይ ተቀምጣ የሰሌዳውን ጽሑፍ በሩቁ እየገለበጠች ተማረች። ፀሐይ ቢያከስላትም፣ ዝናብ ደብተሯን ሾርባ ቢያደርገውም አልተነሳችም። የፈተናው ውጤት ሲወጣ ጣሪያ ሥር የተቀመጡትን አርባ ሦስት ልጆች በልጣ አንደኛ ሆነች። አርሴንዮ ሲያወራው አርባ ሦስቱ አራት መቶ ይሆናሉ። አንደኛ መውጣቷ ግን ኩሸት አልነበረም።

ከዚያ ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ፍሎርዴሊሳ አስጠሩት። «ወይ ፀጉሩ፣ ወይ ምርቃቱ። አንዱን ይምረጥ» አሉት። ሴትዮዋ ቁመታቸው ከጠረጴዛቸው እምብዛም አያልፍም። ሻርክ በጥፊ መትቼ አባርሬያለሁ የሚለው አርሴንዮ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ «እሺ ማዳም» አለ። ከዚያ በፊትስ ለልጁ ስንቴ ነው «ቤት ውስጥ የፈለግሽውን ሁኚ፣ ከበር ስትወጪ ግን ተደበቂ» ያላት?

በዚያው ቀን መረብ የሚቆርጥበትን መቀስ አወጣና ልጁን ጀልባው ጠርዝ ላይ አስቀመጣት። ትሰድበኛለች፣ መቀሱን ነጥቃ ባሕር ትጥለዋለች ብሎ ነበር። እሷ አንገቷን ሰጠችው።

«ታታይ፣ ከጆሮዬ ተጠንቀቅ» ብቻ አለችው አባቷን።

ወይዘሮ ፍሎርዴሊሳ ባሮንጉን በላስቲክ እንደተሸፈነ በክንዳቸው ይዘው ገቡ። አማተቡ፤ ወንበር ተሰጣቸው።

«ማንግ አርሴንዮ» አሉ በአክብሮት አጠራር፤ «ስልሳ ተማሪ ለክብር ዘብ አዘጋጅተናል። የማርሽ ባንድም አለ። መዘምራኑም ይመጣሉ። ሮጌልዮ የትምህርት ቤታችን ኩራት ነበር።»

«ኩራታችሁን ነዋ ግንብ ላይ የሰቀላችሁት።»

«ደንብ ደንብ ነው።»

ኮንሶርሺያ ወንድሟን በክርኗ ጎሰመችው። ከዚያ እሷው ራሷ፣ ወለሉን እያየች፣ «ልጁ እንኳን ሁልጊዜ የሚመኘው የሴቶቹን ዩኒፎርም ነበር፣ ማዳም» አለች።

ርእሰ መምህርቷ ወደ ሣጥኑ ዞረው አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ደግ ሆኑ፤ ደግነታቸው ቤቱን ሞልቶ በመስኮት ፈሰሰ።

«እንግዲያው እንስማማ። ክዳኑ የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው አይደል? ከወገብ በላይ ባሮንጉን ይልበስ፤ ሰው የሚያየው እሱን ነው። ከወገብ በታች ጉርድ ቀሚስም ቢሆን አልብሱት። ማን ያየዋል?»

«እሰይ! ይሄማ መልካም ነው» አለች ኮንሶርሺያ። «ሁሉም የየድርሻውን ያገኛል። አይደል አርሴንዮ?»

«እሺ ማዳም» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር፤ መንገዱን ያውቀዋልና። ዋጠው። ሻርክ የመዋጥ ያህል ነበር።

«አሥራ ሰባት ዓመት ግማሿን ስትደብቅ ኖራለች። ሞታም ልደብቅላችሁ?»

«ኧረ ይረጋጉ፣ ማንግ አርሴንዮ...»

«ልጄን ዝናብ ላይ ጥለው ሰሌዳ ሲያስገለብጡ ተረጋግቼ ነበር! መቀስ ሲያስይዙኝ ተረጋግቼ ነበር! እንደኔ የተረጋጋ አባት በዓለም ላይ አልተፈጠረም! ይውሰዱ ባሮንግዎን!»

«እንዲያ ከሆነ ዘቡም ባንዱም አይመጣም።»

«ይቅር!»

ሴትዮዋ ተነሱ። አርሴንዮም ተነሳ።

ቤቱ ትንፋሹን ዋጠ። በዚያ አገር ለቅሶ ላይ የመጣን እንግዳ ባለሐዘን አይሸኝም፤ የተሸኘውን ሞት ተከትሎት ቤቱ ይገባል ይባላል። ሕፃን እንኳን ያውቀዋል።

«የት ነው?» አሉ ርእሰ መምህርቷ።

«ልሸኝዎት ነዋ።»

«የለም፣ የለም! ይቀመጡ! በእግዚአብሔር!»

«እንዴት ተደርጎ! የተማረ ሰው ካልሸኘሁ ማንን ልሸኝ?»

ፈጠን አሉ፤ ፈጠን አለ። ደረጃውን ሁለት ሁለት ወረዱ፤ እሱም በነጠላ ጫማው ጧ ጧ እያደረገ ተከተላቸው። ካርታ ተጫዋቾቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ መንገድ ለቀቁ፤ አንደኛው ጠረጴዛ ሥር ገባ። ባሮንጉ ከነላስቲኩ ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም። ሴትዮዋ የመጡበት ባለ ሦስት እግር ታክሲ ውስጥ ዘለው ሲገቡ ግንባራቸው ላይ የነበረው ላብ ትንሽ ጀልባ ያንሳፍፍ ነበር።

አርሴንዮ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«እርስዎ ልጄን ከበር ይመልሷት ነበር። እኔ ደግሞ እስከ በር ሸኘሁዎት። ደህና ይግቡ፣ ማዳም።»

ሲመለስ ኮንሶርሺያ ደረጃው ላይ ጭንቅላቷን ይዛ ጠበቀችው።

«አበድክ! ሞት ላክህባቸው!»

«ይሂድ። አንድ ቀን እንኳን ትክክለኛው ቤት ይግባ።»

«ነገስ? ነገ ማን ያጅባታል?» አለችና ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከሰኞ ጀምሮ ትሪ ይዛ ስትሮጥ አላለቀሰችም ነበር።

አርሴንዮ አጠገቧ ተቀመጠ። ቁጣው እንደ ማዕበል ከፍ አድርጎ ባዶ ድንጋይ ላይ ጥሎታል።

ከጓዳ ኩባያ ስታጥብ የነበረች ልጅ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ወጣች። ሜሪዴል ትባላለች፤ የፔርላ የክፍል ጓደኛ ናት። የደብተር ቦርሳዋን ከፍታ በጥንቃቄ የታጠፈ ሸሚዝ፣ የአንገት ሪባንና ሽንሽን ጉርድ ቀሚስ አወጣች።

«ትርፍ ዩኒፎርሜ ነው፣ ማንግ። ወገቡ ሳይሰፋት አይቀርም። እሷ ሁሌ ‹አንቺ ዱባ› ነበር የምትለኝ።» ለመሳቅ ሞከረች። «ደግሞ ነገ እኛ እንመጣለን። ባሮንጉን ካልለበሰ ቀብሩ ላይ የተገኘ ይታገዳል ተብለናል፤ ግን እንመጣለን።»

«ስንት ናችሁ?»

«አሥራ ዘጠኝ። የቀሩት ፈርተዋል።»

«አሥራ ዘጠኝ» አለ አርሴንዮ። አንድም አልጨመረበትም።

ሰዉን ከሳሎን አስወጥተው በሩን ዘጉ። ሸሚዙንና ጉርዱን እህትና ወንድም ተጋግዘው አለበሷት። ሪባኑን ኮንሶርሺያ አሰረችው፤ ፈታችው፤ ደግማ አሰረችው። የሰፋውን ወገብ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ከዚያ የታችኛውን ክዳን ልታወርድ እጇን ዘረጋች።

«ቆይ» አለ አርሴንዮ።

ጉርዱ ሲለበስ ሽንሽኑ ተጨማዶ ነበር። መረብና ጨው ባቆሰለው መዳፉ የመጀመሪያውን ሽንሽን ከወገብ እስከ ጉልበት ቀስ ብሎ አቃናው። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ቀጥሎ ሦስተኛውን።

«ክዳኑ ሊዘጋ ነው እኮ፣ አርሴንዮ። ማን ያየዋል?»

«ቆይ ብዬሻለሁ።»

የመጨረሻውን አቃንቶ ጨረሰ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ እንደገና ጀመረ።