ለአበባው ቀን አንድ ጣፋጭ ሲኒ

ሚዛን ከተማ ላይ ጉም እንግዳ አይደለም። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ጎረቤቴን ሀጂራን ከማየቴ በፊት ድምጿን እሰማለሁ። መጀመሪያ የሱቋ ቆርቆሮ በር ይንኳኳል፣ ቀጥሎ ሳሏ ይመጣል፣ ከዚያ እሷ ራሷ ከነጩ ውስጥ ቀስ ብላ ትወጣለች። ስለዚህ አምና ጉሙ እኩለ ቀንም አልነሳ ሲለኝ ማንንም አልጠየቅኩም። ስለ ጉም ማን ይጠይቃል? «ዘንድሮስ ከበደ» ብዬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ወድጄውም ነበር። ዛፉ፣ አጥሩ፣ ባጃጁ፣ ሰዉ ሁሉ ጠርዙን አጥቶ እርስ በርሱ ሲቀላቀል ከተማው ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ይመስላል። እኔም በሬ ላይ ሲኒዬን ይዤ በዚያ መሀል እቀመጣለሁ።

ሲኒዬ ጣፋጭ ነው። ትንሽ ሲኒ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር። የሚስቅ ይሳቅ። ያደግኩት ሸኮ በኩል ነው፤ እናቴ ቤት ቡና የሚጠጣው በጨው ነበር። ስኳር ያስለመደኝ ባሌ ጴጥሮስ ነው። የተጋባን ሰሞን ከቴፒ ሲመለስ ከኮቱ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አወጣና ሲኒዬ ውስጥ ገለበጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኳሬን የሚጨምረው እሱ ሆነ። ጨምሮ ያማስላል፤ መሟሟቱን ለማወቅም መጀመሪያ እሱ ይቀምሳል። እሱ ራሱ ግን እስኪሞት ድረስ በጨው ነው የጠጣው። የእኔን በቀመሰ ቁጥር አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፉን ወደ አንድ ጎን ያጣምማል፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን እንዴት ነው የምትጠጪው?» ይልና ያቀብለኛል። ያቺን ፊት ሳላይ ቀኑ አይጀመርልኝም ነበር።

ከከተማው በላይ፣ ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ዳገቱ ላይ ትንሽ የቡና ማሳ አለችን። ጴጥሮስ ሕመሙ ሳይጸናበት በፊት አሮጌውን ቡና ነቅሎ አዲስ ችግኝ ተከለባት። ተክሎ ሲጨርስ ማሳው ጫፍ ያለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝና፣ «ይሄ ሲያብብ እንዳለ ነጭ ይሆናል፤ እዚህ ቁጭ ብለን ቡናችንን እየጠጣን እናየዋለን» አለኝ። የእጁን አፈር አራገፈ። «እኔ ባልደርስ አንቺ እይልኝ።»

አልደረሰም። እኔ ግን እሺ ብዬዋለሁ።

አምና የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ቀናት እንዳለፉ ሽታው ዳገቱን ወርዶ እቤቴ ድረስ መጣ። የቡና አበባ ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰውን ከመንገዱ ያቆማል። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። ስደርስ ማሳዬ በጉም ተሸፍኗል። ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እስኪነሳ ጠበቅኩ። አልነሳም። ያ ሽታ እየከበበኝ፣ እንቅልፍ የመሰለ ነገር እየመጣብኝ፣ ብዙ ተቀመጥኩ። «ነገ ይነሳል» ብዬ ተመለስኩ። በማግስቱም ያው ነው። ከዚያ ኃይለኛ ዝናብ ወረደና አበባውን አራገፈው።

«አበባው እንዴት ነበር?» አለችኝ ሀጂራ፣ በሷ ተራ ቡና ልጠጣ ስሄድ።

«ምን አየሁና! ጉሙ መች አሳየኝ» አልኳት።

ሲኒዋን አስቀመጠች። «የምን ጉም? ተሾመች፣ ወላሂ ሁለቱንም ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጉሙ ማሳው ላይ አልነበረም። ያየሁት ነጭ ራሱ አበባው ነበር፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እስኪነሳልኝ ስጠብቅ ነበር የዋልኩት። ሀጂራ ፊት ላለማልቀስ ብዙ ታገልኩ፤ አልቻልኩም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ያገኘችኝ ነርስ ትሕትና ትባላለች። ልጅ ናት፤ ግን አነጋገሯ የተረጋጋ ነው። ጣቴን ወግታ ደሜን አየችና፣ «እማማ፣ ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል፤ ዓይንዎን የጋረደውም እሱ ሊሆን ይችላል» አለችኝ።

«ይጠራል?»

«ቶሎ ከያዝነው ሊጠራ ይችላል። ከቆየ ግን ዓይኑ ራሱ ይጎዳል፤ ያኔ አይመለስም። ቡና ላይ ስኳር ስንት ይጨምራሉ?»

ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። ኪኒን ሰጠችኝ፣ ስለ ምግቡ መከረችኝ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እንድሄድ አዘዘችኝ፣ ስኳሩን ደግሞ «እንቀንሰው» አለች። እሷ ቀለል አድርጋ ነው የተናገረችው። እኔ ግን በመንገዱ ሁሉ ውስጤ እየነደደ ተመለስኩ። ጴጥሮስ ከሞተ በኋላ ኮቱን ለወንድሙ ሰጥቻለሁ፤ አልጋው ላይ የሱ ቦታ ቀዝቅዟል። ጠዋት የመጀመሪያውን ጉንጭ ስጎነጭ ብቻ ነው አጠገቤ ያለ የሚመስለኝ። ይህችንም ልቀማ?

ስለዚህ ብልጠት አሰብኩ። እህቴ በየነች ከሸኮ የጫካ ማር ልካልኝ ነበር። ማር መድኃኒት መሆኑን በኛ አገር የማያውቅ የለም፤ ለሳል እሱ፣ ለቁስል እሱ፣ ለአራስ እሱ። ንብ ደግሞ የምታውቀው አበባ እንጂ ፋብሪካ አይደለም። ስኳሩን ተውኩና ሲኒዬን በማር አጣፈጥኩ። ነርሷን በሕልሜ ሳይቀር «እንደ ቃልሽ ስኳር እርም ብያለሁ» እላታለሁ። ጉሙ ግን ባሰበት። አንድ ጠዋት ግድግዳው ላይ ያለውን የጴጥሮስን ፎቶ ቀና ብዬ አየሁት፤ ኮት ለብሶ የቆመ ነጭ ነገር ብቻ ሆነብኝ። ፊት የለውም።

ደንግጬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ትሕትና ደሜን አይታ ግንባሯን ቋጠረች። «ስኳር አልቀነሱም?»

«እኔ? ጨርሶ ትቻለሁ! በማር ብቻ ነው የምጠጣው።»

«ማሩን ማን አዘዘልዎት?»

«የጫካ ማር እኮ ነው፣ ልጄ።»

«የጫካውም የቀፎውም ማር ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው፣ እማማ።» ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አመለጣት። እኔም ሳቅኩ፤ መሀል ላይ ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረ። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስኳሩን ማን እንዳስለመደኝ፣ ማሳውን፣ ቃሌን። እጄን ይዛ ሰማችኝና፣ «የማይጣፍጥ ኑሮ ይኑሩ አላልኩም» አለች። «የየቀኑን ሲኒ ባዶውን ይልመዱት። ደምዎ ሲስተካከል ጣፋጩን ለአንድ ደህና ቀን ያስቀምጡት። አንድ ሲኒ፣ ከምግብ በኋላ፣ በእግርዎ ሄደው። ያ ቀን መቼ እንደሚሆን እርስዎ ይምረጡ።»

መምረጥ አላስፈለገኝም። ለአበባው ቀን ነው አልኳት።

ቀሪው ችግር ሀጂራ ነበረች። እኛ ሰፈር ስኳሩን ቡናውን ያፈላችው ናት ሲኒው ውስጥ ቀድማ የምትጨምረው፤ ቡናው በላዩ ይቀዳል። ያለ ስኳር ቅጂልኝ ማለት ቤትሽ ጎድሏል ማለት ነው፣ አለዚያም ተቀይሜሻለሁ ማለት ነው። ሀጂራ ደግሞ ስኳር ነጋዴ ናት! ከአባቷ ጋር ከስልጤ አገር መጥታ ያን ሱቅ ከከፈተች ጀምሮ ቡናዋ ስኳር ጎድሎት አያውቅም። ባዶውን ስላት ፊቷ ጠቆረ።

«ምን በደልኩሽ?» አለች።

የነርሷን ቃል ነገርኳት። ማሩንም ጭምር ነገርኳት። ተነሳችና በሲኒዎቹ ውስጥ የነበረውን ስኳር ወደ ጣሳው መለሰችው፤ የኔንም፣ የራሷንም። ባዶውን ቀዳች። ሁለታችንም ቀመስነው። ሁለታችንም ኮሶ የጠጣን መሰልን።

«ጴጥሮስ ይህን ነው በጨው ሲጠጣ የኖረው?» አለች።

«አዎ።»

«አላህ ይዘንለት፤ ጀግና ነበር።»

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። አንድ ቀን ሀጂራ ጓዳ ስትገባ ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ከተከፈተው የስኳር ጆንያ ውስጥ ሰደድኩ። ጣቴ አፌ ውስጥ እንዳለ ደረሰች። አልተቆጣችም፤ ጆንያውን እየጎተተች ከመደርደሪያው ኋላ ወሰደችና ተቀመጠችበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኳር አልሸጥልሽም አለችኝ። የሰፈሩን ሱቆችም አስጠነቀቀች መሰለኝ፣ የትም ብሄድ መልሱ «ስኳር አልቋል» ሆነ። በጣም ተናደድኩባት። ተናድጄም ጠዋት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት አብሬያት ዳገቱን እወጣ ነበር፤ ብቻዬን እንዳልሄድ ብላ ራሷ ነበር መጥታ የምትቀሰቅሰኝ። በጉሙ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች እያለከለክን እንወጣለን። ከፊታችን ያለውን ዛፍ እሷ ትነግረኛለች፤ ይሄ ወይራ፣ ይሄ የእገሌ ባሕር ዛፍ፣ ቀስ በይ ድንጋይ አለ። አንዳንዴ እያለምኩ ይሁን እየሄድኩ አላውቅም። ምድሪቱ ከጫማዬ ስር ብቻ ያለች፣ ሌላው ሁሉ ድምፅና ሽታ የሆነ ይመስለኛል።

ቀስ በቀስ የነገሮች ጠርዝ መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ የበሬ መቀርቀሪያ መጣ። ከዚያ የዶሮዎቼ እግር። አንድ ጠዋት ቀና ስል ሀጂራ ከሻሿ ስር ጸጉሯ ታየኝ።

«መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?» አልኳት።

መንገድ ላይ ቆማ አቀፈችኝ። በሽበቷ የተደሰተች ሴት ከሷ ሌላ አላየሁም።

ፎቶው ግን ገና ነበር። ትሕትና «ምን ያህል እንደሚጠራ ልምልልዎት አልችልም» ብላኛለች። ዝናቡ ጣለ። አበባው ሊመጣ ነው። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ከተኛሁም ነጭ ነው የማየው። ዘንድሮም ፊት ለፊቱ ሆኜ ሳላየው ቢረግፍ ለጴጥሮስ ምን እላለሁ?

ሽታው በወረደበት ጠዋት ቁርሳችንን በልተን፣ ሀጂራ ፔርሙዙን አንግታ፣ በእግራችን ወጣን። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቀና አልኩ። ማሳው ነጭ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ዝም ያለ ነጭ። ቆምኩ።

«ሀጂራ፣ ጉም ነው?»

«ራስሽ እይ» ብላ ወደ ፊት ገፋችኝ።

ሄድኩ። እስከ መጀመሪያው ቡና ሄድኩ። ነጩ እየቀረብኩት ስሄድ አልተበተነም፤ ተለየ። ቅርንጫፉ ለብቻው ወጣ፣ ቅጠሉ ለብቻው፣ በቅርንጫፉ ላይ የታጨቀው አበባ እያንዳንዱ ለብቻው። አንድ በአንድ ቆጥሬ የምጨርሰው አልመሰለኝም። አንዲት ንብ አንዱ አበባ ውስጥ ገብታ ወጣች፤ እግሯ ላይ ያለውን ብናኝ ሳይቀር አየሁት። የጮህኩ መሰለኝ፤ ሀጂራ ግን ድምፅ አላወጣሽም ትላለች።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። ሀጂራ ቡናውን ቀዳች። ከዚያ ከሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈታች። ስኳር ነው፤ በወረቀት የተጠቀለለ።

«ነርሷ ፈቅዳለች፤ ጠይቄያታለሁ» አለች። ሦስት ማንኪያ ጨመረችልኝ፣ አማሰለችና አቀበለችኝ።

ይህን ሲኒ ስንት ጊዜ በሕልሜ ጠጥቼዋለሁ! ነጩ ማሳ ፊት ለፊቴ፣ ጴጥሮስ ምላሴ ላይ። ተጎነጨሁ።

ጣፈጠ አይባልም፤ ያንቃል። ሳላስበው አንድ ዓይኔ ተጨፈነ፣ አፌ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። «ይሄን እንዴት ነው...» ብዬ ጀመርኩና ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

ሀጂራ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ጴጥሮስን ለብዙ ዓመት ታውቀው ነበር። «ተሾመች» አለች፣ «ይሄ እኮ የሱ ፊት ነው።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ፊቴን ወደ ቦታው አልመለስኩትም። እንደዚያው፣ አንድ ዓይኔን እንደጨፈንኩ፣ በተከፈተው ዓይኔ አበባውን አየሁለት።