ወረቀት የሚይዝ ቤት

ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር በረዶ» ይለዋል። ሥራው የታመመ ፍሪጅ ማዳን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያድን ኖሯል፤ በዚህ ሙያ ማንንም ከፊቱ አያስቀድምም፣ ማስቀደምም አይገባውም። ፍሪጅ አልቀዘቅዝ ሲል ሰው ሁሉ ሞተሩን ይረግማል፤ እሱ ግን መጀመሪያ የሚያየው የበሩን ጎማ ነው። አንዲት ወረቀት በሩ ላይ ሰክቶ ይዘጋና ይስባታል። ከያዘች ጎማው ደህና ነው፤ ሸርተት ብላ ከወጣች ቅዝቃዜውም ብሩም በዚያው እየወጣ ነው ማለት ነው። ጎረቤቶቹ «እስከ ዛሬ ሚስት ያላገባው በወረቀት ፈትኖ የምትይዝለት አጥቶ ነው» እያሉ ያሙታል። እሱም ይሰማና አብሮ ይስቃል።

ይሁንና የዚህ ሁሉ ሙያ ባለቤት የሚኖርበት ቤት ወንፊት ነበር። በሙቀት ወራት ይጠብሳል፣ በብርድ ወራት ያንዘፈዝፋል። ሙቀቱን እንኳ ዓምና ድል ነስቶታል፤ ፍሪጅ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም ብሎ በየመስኮቱ ውጪ ነጭ ሸራ ዘረጋ፣ ማራገቢያ ሳይገዛም ወራቱ አለፈ። ብርዱ ግን በሸራ የሚመለስ አልሆነም። አብረውት የሚኖሩት እናቱ ደግሞ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ደረታቸው ብርድ አይችልም። ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ከሠራ የመብራት ሂሳቡ የመድኃኒታቸውን ብር ይበላል፤ ካልሠራ ሳሉ ይነሳል።

ታላቅ እህቱ የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ናት፤ የምትኖረው ግድግዳው ሳይቀር በሚሞቅ ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቷን ለመጠየቅ የምትመጣው በወር አንዴ ነው፣ ያውም እየተጣደፈች። እዚያ ቤት ገብታ ካፖርቷን አውልቃ አታውቅም። አንድ የብርድ ቀንም እንደ ለበሰች ቆማ እናቷ ሲያስሉ ሰማችና ወደ ወንድሟ ዞረች።

«እዚህ ስታስል ከምትኖር እኔ ጋ ትሙቅ» አለችው። «አንድ ወር እሰጥሃለሁ። ወሩ ሲሞላ ክፍሏ ካልሞቀ፣ ወይም ለማሞቅ ብለህ የመድኃኒቷን ብር ለመብራት ከከፈልክ፣ ሻንጣ ይዤ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«ወሩ ይበዛል፣ እታለም» አላት ደረቱን ነፍቶ።

እናትየው ሲጠየቁ የትም ብሆን ያው ነኝ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መልሱ ደስ አላለውም። ለእህቱ የነፋው ደረት ውስጡ ፈርቶ ነበር፤ እናቱ የሌሉበት ቤት መግባት ምን እንደሚመስል ሊያስበው አልፈለገም።

በማግስቱ ሥራውን ዘግቶ ቤቱን እንደ ፍሪጅ ፈተነው። በየመስኮቱ የሰካት ወረቀት ሁሉ ሸርተት እያለች ወጣች፤ በበሩ ሥርማ ወረቀት ቀርቶ ደብተር ያልፋል። ከተጣሉ ፍሪጆች የፈታውን ጎማ እየቆረጠ በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ ለጠፈ፤ ከግድግዳቸው ያወጣውን ፎም ኮርኒሱ ላይ ጠቀጠቀ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቷ በየትም ብትሰካ አልወጣም አለች። ማሞቂያውን ዝቅ አደረገው፤ የሙቀት መለኪያው ግን ሃያ አንድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ቆጣሪውም ተኝቶ የሚቆጥር እስኪመስል ድረስ ቀዘዘ። አንድ ሳምንት እንዲህ ሄደ፤ እሱም እህቱን የሚያሳፍርበትን ንግግር ያዘጋጅ ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት ቆጣሪው ሥራ የያዘ ሰው ሆነ። ማታ ማታ ሲገባ ማሞቂያው ፍም መስሎ ይጠብቀዋል፣ መለኪያው ግን ከአሥራ ሰባት አያልፍም። ወረቀቷን ሰካ፤ ያዘች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ብሎ የማሞቂያውን ሽቦ ለወጠ፣ ጣራው ላይ ወጣ፣ ኮርኒሱን ገልጦ አየ። ምንም የለም። ሳሉም ተመለሰ። እናቱ አጉል አትድከም፣ ብርድ ብርድ ነው ይሉታል። ወሩ ሊሞላ አሥር ቀን ሲቀረው ንግግሩን ማዘጋጀት ተወ።

አንድ ቀን ሞተር ሳይክሉ መንገድ ላይ እምቢ አለው። ጋራዥ ጥሎት በእግሩ ወደ ቤት መጣ። ከማዞሪያው እንደ ታጠፈ ዓይኑ በእናቱ መስኮት ላይ ዐረፈ። መስኮቱ ስንዝር ያህል ገርበብ ብሏል። እናቱ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ክፍተቱ ላይ ደግነዋል።

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእሱ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ የተዘጋ መስኮት ሲፈትን ከርሟል፤ መስኮቱ ተዘግቶ ይዋል አይዋል ግን አንድም ቀን አልጠየቀም። መጀመሪያ ተናደደ። በሩን ከፍቶ ሲገባ እናቱ ደንግጠው መስኮቱን ለመዝጋት ሲጣደፉ አገኛቸው።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሞተርህን እየጠበቅሁ» አሉ። «ድሮ ገና ከማዞሪያው ስትታጠፍ እሰማህ ነበር። ይሄን ጎማ ከለጠፍክ ወዲህ ሰው ይምጣ ይሂድ አላውቅም፤ ቀኑ አልመሽ ይለኛል። ድምፅህን ስሰማ እዘጋዋለሁ። ልፋቴን መና አስቀረች ብለህ እንዳታዝን ብዬ ነው።»

ብርዱን ላስወጣ ብሎ እናቱን ከሰው ድምፅ ለይቶ ዘግቶባቸዋል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ጎማውን ልንቀለው ይሆን? ከነቀለው ብርዱ ይመለሳል፣ ከብርዱም ጋር የእህቱ ሻንጣ። ከዚያ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ለደንበኞቹ ሲናገረው የኖረው ነገር ለራሱ ትዝ አለው።

«እማዬ» አላቸው፣ «ፍሪጅ በሩ ስለተከፈተ አይበላሽም። የሚጎዳው ገርበብ ብሎ ሲውል ነው።»

እዚያው ተነጋግረው ደንብ አወጡ። ጠዋት ሲወጣ፣ ለምሳና ማታ ሲገባ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ሦስት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል፤ ክላክሱን ምንም ጎማ አያግደውም። እናቱ ማሞቂያውን አጥፍተው መስኮቱን ወለል አድርገው ይከፍታሉ፣ ሰላም ይባባላሉ፣ መንገዱንም ያያሉ። ከዚያ ግጥም አድርገው ይዘጋሉ። ግድግዳው አንዴ ሞቋልና አየሩ ቶሎ ይመለሳል። ወንበራቸውንም ፀሐይ ወደምትገባበት ጥግ ወሰደው።

«ምሳህን ደንበኞችህ ጋ አልነበር እንዴ የምትበላው?» አሉት።

«እስከ ትናንት ነው» አላቸው።

ወሩ የሞላ ዕለት እህትየው ባዶ ሻንጣ ይዛ ከምሳ ሰዓት በፊት መጣች። ግድግዳውን ዳበሰች፤ ለብ ብሏል። መለኪያውን አየች፤ ሃያ አንድ። ወጥታ ቆጣሪውንም አነበበች። የመሃሉ ሳምንታት ብክነት ቆጣሪው ላይ ይታያል፤ የመድኃኒቱን ብር ግን አልነካም።

«ክፍሉስ ሞቋል» አለች እናቷ ፊት ቆማ። «ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ብቻሽን ተዘግተሽ…»

ክላክሱ ሦስት ጊዜ ጮኸ። እናትየው ምርኩዛቸውን እንኳ ሳይፈልጉ ተነሱ፣ ማሞቂያውን ቀጭ አድርገው አጠፉ። «ዞር በይልኝማ፣ ልጄ መጣ» ብለው መስኮቱን ወለል አደረጉት። ብርዱ ዘው ሲል እህትየው የካፖርቷን አንገት ሰብሰብ አደረገች። ከታች ዶክተር በረዶ የራስ ቁሩን እንደ ያዘ ሳሉ እንዴት ነው ይላል፤ እናቱ ሳሉ ለቆኛል፣ ይልቅ እህትህ መጥታለች፣ ግባ ይላሉ። ጎረቤት የሆነች ሴት በዚያ ስታልፍ እሷም ሰላም ብላ አለፈች። ከዚያ መስኮቱ ግጥም አለ፣ ማሞቂያው በራ። አሥራ ዘጠኝ ድረስ የወረደው መለኪያ ቀስ እያለ ሽቅብ ጀመረ።

እህትየው መለኪያውን አየች፣ እናቷን አየች። ባዶ ሻንጣዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ አልጋው ሥር ከተተችው።

«እኔስ ስመጣ ስንቴ ክላክስ ላድርግ?» አለች።

«አንቺ ብቻ ነይ እንጂ» አሏት እናቷ። «አንዴም ይበቃኛል።»

ዶክተር በረዶ ሞተሩን አቁሞ ሲገባ እህቱ ካፖርቷን አውልቃ መስቀያው ላይ ስትሰቅል አገኛት።